ጎማው አዲስ፣ መኪናዋ ግን ትዋልላለች

አራት አዲስ ጎማ ማስገጠም ለአንድ ቤተሰብ ቀላል ወጪ አይደለም። ለወራት የተጠራቀመ ገንዘብ በአንድ ቀን ይወጣል፤ አባወራውም የሚጽናናው «ከእንግዲህ ልጆቼን ይዤ በዝናብም በፀሐይም ሳልሰጋ እነዳለሁ» ብሎ ነው። ታዲያ ያን ሁሉ ከፍሎ ከጎሚስታው ግቢ ሲወጣ መኪናዋ በቀጥታ መንገድ ላይ ወዲህና ወዲያ ብትልበት፣ ወይም ከ80 በላይ ሲነዳ መሪው እጁ ውስጥ ቢንቀጠቀጥ ምን ያስብ? አብዛኛው ሰው ከሁለት አንዱን ያስባል። ወይ «የማይረባ ጎማ ሸጡልኝ» ይላል፤ ወይ ደግሞ «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይለመዳል» ብሎ ቤተሰቡን ጭኖ ይነዳል። ሁለቱም ሳይመረመር የተሰጠ ፍርድ ነው። የመጀመሪያው ያለ ጥቅም ገንዘብ ያስወጣል። ሁለተኛው ግን አንዳንድ ጊዜ ከገንዘብ የከበደ ነገር ያስከፍላል፤ በደንብ ያልጠበቀ የጎማ ዳዶም የሚጀምረው «ትንሽ ትንቀጠቀጣለች» በሚል ስሞታ ነውና።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ጽሑፍ መካኒክ ሊያደርግዎ አይነሣም። የሚነሣው ገንዘብ የማይጠይቀውን ምርመራ ገንዘብ ከሚጠይቀው አስቀድሞ፣ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየለወጡ ምክንያቱን መፈለግ እንደሚቻል ለማሳየት ነው።

«አስቸገረችኝ» አይበቃም

ሐኪም ዘንድ ቀርቦ «አሞኛል» ብቻ የሚል ሕመምተኛን መርዳት እንደሚያስቸግር ሁሉ፣ ጋራዥ ገብቶ «መሪዋ አስቸገረኝ» የሚለውንም መርዳት ያስቸግራል። ሾፌሮቻችን በየዕለቱ የሚጠቀሙባቸው ቃላት ግን ለዚህ ምርመራ በቂ ናቸው፤ በየቦታቸው መግባታቸው ብቻ ነው የሚፈለገው። መኪናዋ ትጎትታለች? ትንቀጠቀጣለች? ትዋልላለች? ወይስ ጭራዋ ይሸሻል? አራቱ የተለያዩ ሕመሞች ናቸው።

ትጎትታለች የምንለው መሪውን ላላ አድርገን ስንይዘው ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ብቻ ስትሄድ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መንገድ የዝናብ ውኃ እንዲወርድለት ከመሐል ወደ ዳር ዘንበል ተደርጎ ይሠራል፤ እኛ ደግሞ በቀኝ በኩል ስለምንነዳ ማንኛዋም ጤነኛ መኪና በመጠኑ ወደ ቀኝ ታደላለች። ስለዚህ ፍርዱ መሰጠት ያለበት ሜዳማና ሰው በሌለበት ሰፊ ቦታ ላይ ተሞክሮ ነው። ትንቀጠቀጣለች ሲባል ደግሞ በየትኛው ፍጥነት ላይ እንደሆነ መታወቅ አለበት፤ እንዲሁም የሚንቀጠቀጠው መሪው ነው ወይስ መቀመጫው? መሪው ከሆነ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ከፊት ጎማዎች፣ መቀመጫው ከሆነ ከኋላዎቹ ነው። ትዋልላለች ማለት ወደ አንድ ወገን ሳታደላ፣ ሾፌሩ በየጊዜው በመሪ ካላረማት በስተቀር መስመሯን የማትይዝ ስትሆን ነው። ጭራዋ ይሸሻል የሚባለው ደግሞ በኩርባ ወይም በእርጥብ አስፋልት ላይ የኋላዋ ከፊቷ ቀድሞ ሊሄድ ሲቃጣው ነው፤ ከአራቱ አደገኛው ይኸኛው ነው።

«ይለመዳል» የሚለው አባባል ውስጥ እውነት ጨርሶ የለም ማለታችን አይደለም። አዲስ የአውቶሞቢል ጎማ ጥርሱ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ቁመት አለው፤ የተጣለው አሮጌ ጎማ ምናልባት 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበረው። ረጅሙ ጥርስ ከመሬት ጋር ሲገናኝ በመጠኑ ይታጠፋል፤ ስለዚህ መሪው ትንሽ የዘገየ፣ መኪናዋም ትንሽ የተንሳፈፈች ሆና ትሰማለች። በላዩ ላይም ጎማው ከቅርጽ ማውጫው ሲወጣ እንዳይጣበቅ የሚቀባ ነገር በገጹ ላይ ሊቀር ስለሚችል፣ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ረጋ ብሎ መንዳት ይመከራል። ይህ ስሜት በእርግጥም እየቀነሰ ይሄዳል። ነገር ግን የሚለመደው ይህ ብቻ ነው። መጎተት አይለመድም፤ መንቀጥቀጥ አይለመድም፤ የጭራ መሸሽማ ጭራሽ አይለመድም።

በመጀመሪያ ነፋሱ

ጎሚስታ አዲስ ጎማ ቸርኬ ላይ ሲያስገባ ጠርዙ ቦታውን እስኪይዝና «ጧ» ብሎ እስኪሰማ ድረስ ከመደበኛው በላይ ነፋስ ይሞላል። ይህ የሥራው ደንብ ነው። ጠርዙ ከተቀመጠ በኋላ ግን ትርፉ ወጥቶ በልኩ መቅረት አለበት። ወረፋ በበዛበት ቀን ይህ ሁለተኛው ሥራ ይረሳል፤ ወይም ጌጁ ራሱ የተዛባ ይሆናል፤ አለዚያም አንዱ ጎማ 42፣ ሌላው 28 ሆኖ መኪናዋ ትወጣለች። ከልክ በላይ የተነፋ ጎማ መሬቱን የሚነካው በመሐሉ ብቻ ስለሆነ መኪናዋ ትነጥራለች፣ ትዋልላለችም። በግራና በቀኝ እኩል ካልሆነ ደግሞ ነፋሱ ወደ አነሰው ወገን ትጎትታለች። ይህንን ለማወቅ የሚያስፈልገው ከኪስ የምትገባ አንዲት ጌጅ ናት።

ልኩስ ስንት ነው? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጎማው ጎን ላይ ተጽፎ የሚገኘው፣ ለምሳሌ 44 ወይም 51 ፒ.ኤስ.አይ. የሚለው ቁጥር፣ ጎማው ሊሸከመው የሚችለው የመጨረሻ ጣሪያ እንጂ ለመኪናዎ የታዘዘው ልክ አይደለም። የታዘዘው ልክ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ የሾፌሩን በር ሲከፍቱ በሚታየው ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ነው። ከጃፓን በመጡት ቪትዝና ኮሮላ መኪኖች ላይ ጽሑፉ በጃፓንኛ ቢሆንም ቁጥሩን ማንም ያነበዋል፤ የተጻፈው ግን በኪሎ ፓስካል ነው። ለ6.9 ሲያካፍሉት ወደ ፒ.ኤስ.አይ. ይለወጣል። 220 የሚል ካገኙ 32 ማለት ነው። በባር የሚለካ ጌጅ ካለዎት ደግሞ 2.2 ይሆናል።

በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው የነፋስ ልዩነት የመኪናን ጠባይ ምን ያህል እንደሚለውጥ ለመረዳት የሼቭሮሌት ኮርቬርን ታሪክ ማንሣት ይጠቅማል። በ1960 እ.ኤ.አ. ሞዴል ገበያ ላይ የዋለችው ይህች የጀነራል ሞተርስ መኪና ሞተሯ ከኋላ ነበር። ፋብሪካው የፊት ጎማዎቿ 15፣ የኋላዎቹ 26 ፒ.ኤስ.አይ. እንዲሆኑ አዘዘ። አራቱንም ጎማ እኩል መንፋት የለመደ ሰው ግን ይህን ትእዛዝ በቀላሉ ይዘለዋል፤ እኩል ሲነፉም ጭራዋ በኩርባ ላይ የመሸሽ ዝንባሌዋ ይብሳል። ራልፍ ኔደር በ1965 ባሳተመው ዝነኛ መጽሐፉ የመጀመሪያውን ምዕራፍ የሰጠው ለዚህችው መኪና ነው። ለፍትሕ ያህል፣ በ1972 የወጣ የአሜሪካ መንግሥት ጥናት ኮርቬር በዘመኗ ከነበሩት ሌሎች መኪኖች ተለይታ የከፋች እንዳልነበረች ገልጿል። ለእኛ ግን ክርክሩ ሳይሆን ቁጥሩ ይበቃናል፤ ፋብሪካ በነፋስ ልዩነት የመኪናን ጠባይ እስከ መቅረጽ ይደርሳል።

አንድ ነገር በዚህ ላይ ልጨምር፤ የጋዝን ሕግ ሳስተምር ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነውና። «ከአዲስ አበባ ወደ ቆላ ስንወርድ ጎማው ይነፋል ወይስ ይጎድላል?» መልሱ ሁለቱም ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ክብደት 11 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ሲሆን ሰመራ ላይ 14 ገደማ ይደርሳል። ጌጅ የሚለካው የውስጡንና የውጭውን ልዩነት ስለሆነ፣ ሙቀቱ ባይለወጥ ኖሮ አዲስ አበባ 30 የነበረው ጎማ ሰመራ ላይ 27 ባለ ነበር። ነገር ግን ቆላው ይሞቃል፤ ለእያንዳንዱ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት 1.5 ያህል ይጨምራል። ጠዋት ከ15 ዲግሪ ተነሥተን 35 ዲግሪ ስንደርስ ሁለቱ ይካካሱና ወደ 30 ይመለሳል። ችግር የሚመጣው ሾፌሩ በመንገድ ላይ ሲያቆም ነው። ሲሽከረከር የዋለ ጎማ በራሱ ሙቀት 35 ወይም 36 ያሳያል፤ «ሊፈነዳ ነው» ብሎ ነፋስ ያወጣለታል፤ በማግስቱ ጠዋት ሲቀዘቅዝ 25 ሆኖ ይገኛል። የጎደለው ጎማ ደግሞ ጎኑ እየታጠፈ ይበልጥ ይሞቃል። ጎማ የሚለካው ሳይነዳ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ከቆመ በኋላ ነው።

ዳዶና ቸርኬ

ነፋሱ ተስተካክሎ መንቀጥቀጡ ካልተወ ከማንኛውም ነገር በፊት ዳዶዎቹ ይታዩ። ጎማ ሲፈታ ቸርኬው ከሚያርፍበት ገጽ ላይ ጭቃና ዝገት ተጣብቆ ይገኛል፤ በተለይ በክረምት። በዚያ ላይ ቸርኬው ሳይጠረግ ከታሰረ ጠጋ ብሎ አይቀመጥም። ዳዶው የጠበቀ ይመስላል፤ ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ሲነዳ ግን ጭቃው ይፈረፈርና ይላላል። ደግሞም ዳዶ የሚጠብቀው በተራ ዙሪያውን ሳይሆን በተቃራኒ እየተሻገሩ ነው። ብዙዎቹ አነስተኛ ቶዮታዎች የሚፈልጉት 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ ይህም በአንድ ተራ የጎማ መፍቻ ላይ አንድ ጎልማሳ ሰው በእጁ አጥብቆ ሲጫን የሚደረስበት ያህል ነው። በእግር እየረገጡ ማጥበቅ ቡሎኑን ይስባል፤ አንድ ቀንም ይቆርጠዋል።

የብረት ቸርኬ በማግኒዚየም ቸርኬ ከተለወጠ ደግሞ ዳዶው ራሱ ትክክለኛው መሆኑ ይጠየቅ። የአንዱ መቀመጫ ሾጣጣ፣ የሌላው ጠፍጣፋ ሊሆን ይችላል፤ የማይገጥም ዳዶ የጠበቀ መስሎ ይታያል እንጂ አይዝም። ጎማ በተቀየረ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ዳዶዎቹን ደግሞ ማጥበቅ ለዚህ ነው የሚታዘዘው።

የአንድ ሰርቪስ ታሪክ

በሰፈራችን ተማሪዎችን በሃይስ ሚኒባስ የሚያመላልስ ሾፌር አለ። አራት አዲስ ጎማ ባስገጠመ በሳምንቱ አገኘሁት። «ኡስታዝ፣ ወላሂ መሪዋን የያዝኳት ሳይሆን የምለምናት ነው የሚመስለኝ» አለኝ። ባዶዋን ስትሄድ ደኅና ናት፤ ልጆቹ ሲሞሉ ግን በየኩርባው ትወላገዳለች፤ ከባድ መኪና ሲያልፋትም ትዋልላለች። ባላንስ አሠራ፤ ምንም ለውጥ የለም። አላይመንት አሠራ፤ ያው ነው። ሦስተኛው ጋራዥ የመሪውን ጥርስ ፈትቶ ለማየት ቀጠሮ ሰጠው።

ከቀጠሮው በፊት ለአንድ አረጋዊ መካኒክ አሳያት። ሰውየው ኮፈኑንም አልከፈተም፤ ክሪክም አላነሣም። ዙሪያዋን ዞሮ ጎንበስ አለና «ልጄ፣ ይህን ማን መረጠልህ?» ሲል ጠየቀው።

«ጋሼ፣ 195 ነው፣ 15 ነው፣ ያው የድሮው ቁጥር ነው» አለ ሾፌሩ።

«ሁለቱን ቁጥር አንብበሃል፤ መሐሉንስ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪናዋ የምትፈልገው 195 አር 15 ሲ የሚል ጎማ ነበር። የተገጠመላት 195/65 አር 15 ነው። ሁለቱም ስፋታቸው 195 ሚሊ ሜትር፣ የቸርኬያቸውም ልክ 15 ኢንች ነው፤ ስለዚህ ጎማው ያለ ችግር ይገባል። በመሐል ያለው 65 ግን የጎማው ጎን ቁመት የስፋቱ 65 በመቶ ብቻ፣ ማለትም 127 ሚሊ ሜትር ያህል መሆኑን ይናገራል። ያ ቁጥር የሌለበት የሃይስ ጎማ ከዚህ በጣም የረዘመ ነው፤ በጠቅላላው ዲያሜትር 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ይበልጣል። ከሁሉም በላይ ደግሞ «ሲ» የምትለዋ ፊደል ጎማው ለጭነት ተብሎ ጎኑ የጠነከረ መሆኑን ታመለክታለች። ከልኩ ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥርም አለ። የአውቶሞቢሉ ጎማ 91 ይላል፤ ይህም አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። የሃይሱ 106 ይላል፤ ይህ ደግሞ 950 ኪሎ ነው። ተማሪዎቹ ከነቦርሳቸው የተሳፈሩት እንግዲህ ለእነርሱ ባልተሠራ ለስላሳ ጎን ላይ ነበር። የፍጥነት መቁጠሪያውም ከእውነተኛው በላይ ሲያሳየው ሰንብቷል፤ ሾፌሩ ግን መኪናዋ የደከመች መስሎት ነበር።

ጎማዎቹን ለአንድ ኮሮላ ባለቤት በኪሳራ ሸጣቸው። አላይመንቱም ባላንሱም የመሪ ጥርሱም አልነበሩም። ለባላንስና ለአላይመንት የከፈለው ገንዘብ ጎን ላይ የተጻፈውን ለማንበብ ከሚፈጀው ሁለት ደቂቃ ጋር ሲነጻጸር ያስቆጫል። ከእርሱ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ግን ሻጩ መኪናዋ ምን እንደሆነች እንኳ አለመጠየቁ ነው። ይህ የጭነት ቁጥር ጉዳይ ከእንግዲህ ለአውቶሞቢል ባለቤቶችም ይበልጥ የሚመጣ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በከተማችን የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች በባትሪያቸው ምክንያት ከእኩዮቻቸው ይከብዳሉ፤ ብዙዎቹም «ኤክስ ኤል» የተጻፈበትን የጠነከረ ጎማ ይፈልጋሉ።

ሁለት ብቻ ከገዙ ፊት ወይስ ኋላ?

አራቱን በአንድ ጊዜ መግዛት ለማይችል ቤተሰብ ይህ ጥያቄ የግድ ይነሣል። በየጎሚስታው የሚሰጠው መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ «አዲሱን ፊት አድርገው፣ መሪው እዚያ ነው።» አባባሉ ለጆሮ ይጥማል፤ ትክክል ግን አይደለም። ሚሽሊንን የመሳሰሉ ታላላቅ የጎማ ፋብሪካዎች የሚመክሩት ተቃራኒውን ነው። የመኪናው ኃይል በፊት ጎማም ይሁን በኋላ ጎማ፣ አዲሶቹ ሁለት ጎማዎች ኋላ ይሁኑ ይላሉ።

ምክንያቱን ለማየት የሐምሌን ዝናብ ማሰብ ይበቃል። ጥርሱ ያለቀ ጎማ ውኃውን ገፍቶ ማስወጣት ስለማይችል ከመሬቱ ይነሣና በውኃው ላይ ይንሳፈፋል። ይህ በፊት ጎማ ላይ ሲደርስ መሪው ድንገት ይቀላል፤ መኪናዋ ከመታጠፍ ይልቅ ወደፊት ትገፋለች፤ ሾፌሩም ደንግጦ እግሩን ከነዳጅ ላይ ሲያነሣ ፍጥነቷ ይቀንስና ጎማው መሬቱን መልሶ ይይዛል። ተፈጥሯዊው ድንጋጤ ራሱ መድኃኒት ይሆናል ማለት ነው። በኋላ ጎማ ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሾፌሩ እግሩን ሲያነሣ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ቀድሞውንም የቀለለው የኋላው ክፍል ይብሱን ይለቅና መኪናዋ ትሽከረከራለች። ያንን በመሪ መመለስ የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል፤ ያውም ጊዜ ከተገኘ ነው።

«ፊተኛው ጎማ ቢፈነዳስ?» የሚለው ተቃውሞ ቀላል አይደለም፤ ብዙ ጊዜም ሰምቼዋለሁ። ነገር ግን ለመፍንዳት የደረሰ ጎማ ፊትም ኋላም መታሰር የለበትም፤ እዚያ የደረሰ ከሆነ ጥያቄው የቦታ መሆኑ ቀርቷል። ስለዚህ ሁለት አዲስ ጎማ ፊት አስገጥመው በዝናብ ቀን ጭራዋ የሚሸሽ ከሆነ፣ ለማንም ምንም ሳይከፍሉ አዲሶቹን ወደ ኋላ አዛውረው ይሞክሯት። በአንድ አክስል ላይ ግራና ቀኝ የተለያየ ዓይነት ጎማ ማሰር ደግሞ ጨርሶ አይገባም፤ በተለይ በአሮጌ ላንድክሩዘርና ፒካፖች ላይ ራዲያሉንና የድሮውን ዓይነት ሸራ ጎማ ማደባለቅ መዋለልን በገንዘብ እንደመግዛት ነው።

ጎማው ነው ወይስ መኪናዋ?

ነፋሱ ትክክል፣ ዳዶው የጠበቀ፣ ልኩም የተስማማ ሆኖ መኪናዋ ከጎተተች አንድ ሙከራ ይቀራል። የፊት ግራውን ጎማ ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ ያዛውሩ። መጎተቷ አብሮ ወገን ከለወጠ ጥፋቱ የጎማው ነው፤ በፋብሪካ ሲሠራ በመጠኑ ሾጣጣ የሆነ ጎማ እንደ ተጋደመ ብርጭቆ ወደ አንድ ወገን ይንከባለላልና። ወገን ካልለወጠ ግን ጎማው ነጻ ነው፤ የሚፈለገው አላይመንት ወይም የማይለቅ ፍሬን ነው። ፍሬኑን ለመለየት ጥቂት ነድተው ሲያቆሙ ሳይነኩ እጅዎን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ያስጠጉ፤ አንዱ ከሌላው ጎልቶ የሚግል ከሆነ ምልክቱ እርሱ ነው። ጎማው ላይ የመሽከርከሪያ አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት ካለ ግን ግራና ቀኝ አይዛወርም፤ በዚያው ወገን ፊቱ ከኋላው ጋር ይቀያየራል።

መንቀጥቀጡ ከ80 እስከ 110 ባለው ፍጥነት መጥቶ ከዚያ በላይ የሚቀንስ ከሆነ የባላንስ ነገር ነው። ከተማ ውስጥ ብቻ የሚነዳ ሰው ይህንን ላያውቀው ይችላል፤ በ2014 እ.ኤ.አ. በተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ሲወጣ ነው የሚገለጥለት። «ያቺ ትንሽ እርሳስ ብትወድቅ ምን ታደርጋለች?» ለሚል፣ ስሌቱ ይህ ነው። በ14 ኢንች ቸርኬ ጠርዝ ላይ 20 ግራም የጎደለባት አነስተኛ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስትሄድ፣ ጎማውን ከ3 ኪሎ በላይ የሆነ ኃይል በሴኮንድ 15 ጊዜ ይጎትተዋል። ደግሞም ጎማው ሲገባ ጠርዙ የሚቀባው ሳሙና ገና ሳይደርቅ ፍሬን በኃይል ከተያዘ ጎማው ቸርኬው ላይ ሊንሸራተት ይችላል፤ በትክክል የተሠራ ባላንስም ያኔ ይፈርሳል። የመጀመሪያውን ቀን በእርጋታ መንዳት ለዚህም ይጠቅማል።

አላይመንት ከመሠራቱ በፊት የመሪው መገጣጠሚያዎችና ኩሽኔታዎች ይፈተሹ። መኪናዋ በክሪክ ተነሥታ ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ሲወዘወዝ ክፍተት ካለ ኩሽኔታው ወይም የታችኛው መገጣጠሚያ ነው፤ ከግራና ከቀኝ ተይዞ ሲወዘወዝ ከሆነ የመሪው ዘንግ ጫፍ ነው። በክሪክ ብቻ በቆመች መኪና ሥር ግን ማንም አይግባ። በላላ መገጣጠሚያ ላይ የተሠራ አላይመንት ከጋራዡ በር ሳይወጣ ይበላሻል። ያለቀ ለስላሳ ጎማ ይህን ልልነት ይደብቀው ነበር፤ መሬቱን ጨምድዶ የሚይዘው አዲሱ ጎማ ግን ያወጣዋል። ለዚህ ነው «ጎማ እስክቀይር ደኅና ነበረች» የሚለው ስሞታ እውነት ሆኖ ሳለ ጥፋቱ የጎማው የማይሆነው።

ታዲያ ይህንን ሁሉ አስቀድሞ የሚናገር አንድ ማስረጃ አለ፤ ብዙ ሰው ግን ጎሚስታው ዘንድ ጥሎት ይሄዳል። እርሱም አሮጌው ጎማ ነው። ከውስጥ ጠርዙ ብቻ ተበልቶ ከሆነ አላይመንቱ ቀድሞም ተዛብቷል። ሁለቱም ጠርዞች ካለቁና መሐሉ ከቀረ ነፋስ ሲያንሰው ኖሯል፤ መሐሉ ብቻ ካለቀ ሲበዛበት ኖሯል። ዙሪያው እዚህም እዚያም ጎድጎድ ጎድጎድ ያለ ከሆነ አሞርዛተሩ ደክሟል። ስለዚህ ጎማ በሚያስቀይሩበት ቀን የትኛው ከየት እንደወጣ በጠመኔ ይጻፍበት፤ ሳያዩትም አይስጡ።

መቆም የሚገባበት ጊዜ

ጎማው ጎን ወይም ገጽ ላይ እብጠት ከታየ፣ ወይም በዝግታ ሲነዳ መሪው ግራና ቀኝ እየተወዘወዘ ከሄደና ይኸው ከቀን ወደ ቀን ከባሰ የውስጡ ሽቦና ሸራ መለያየቱን ስለሚያመለክት፣ በዚያ ጎማ ወደ ጋራዥ እንኳ አይነዳም፤ ስኮርታው ይታሰር። አዲስ ተብሎ የተሸጠ ጎማም በመደርደሪያ ላይ ያረጀ ሊሆን ይችላል። ጎኑ ላይ ዲ.ኦ.ቲ. ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዞች አሉ። 2319 የሚል ከሆነ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። አኃዞቹ የሚጻፉት በአንዱ ጎን ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ ጎማው ከመገጠሙ በፊት ሁለቱም ጎኖች ይታዩ። ብዙ መኪና አምራቾች ጥርሱ ባያልቅም ከ6 ዓመት በኋላ እንዲቀየር ይመክራሉ፤ የጎማ ፋብሪካዎችም ቢበዛ ከ10 ዓመት አያሳልፉትም። ያለቀ ጎማ በጋለ ስለት ጥርስ ተቀርጾለት አዲስ መስሎ ሲሸጥም ይህ ቁጥር ያጋልጠዋል።

ጎማውን ወደ ሻጩ የሚመልሱ ከሆነ «አልተስማማኝም» ብለው አይሂዱ። በቀዝቃዛ የተለካው የአራቱም ጎማ ነፋስ፣ የተነዳው ኪሎ ሜትር፣ ሕመሙ የሚታይበት ፍጥነት፣ ጎማዎቹ ሲዛወሩ መጎተቱ ወገን መለወጡና አለመለወጡ በአንዲት ወረቀት ላይ ከነቀኑ ተጽፎ፣ ከደረሰኙ ጋር ይቅረብለት።